ከውጤቱ አጠገብ የተሰጠውም ይጻፍ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልል ትምህርት ቢሮዎች፣ እንዲሁም ልጅ ለሚያስተምር ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

በደቡብ ወሎ በአንዲት የወረዳ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ጠመኔ ከያዝኩ ሃያ አንድ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው መስከረም የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ከቆላው ቀበሌ ተነስቶ፣ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። ገብቶ እንዲቀመጥ ብንለምነውም እምቢ አለ። ዱላውን እንደተደገፈ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ ሰነፍ ነው?»

ልጁን አራት ዓመት አውቀዋለሁ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይቶ ነው የተማረው። አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ አገሩ ይወርዳል፤ እሑድ ማታ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክሞ ይመለሳል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ለምን እንደሆነ የማያውቅ መምህር የለንም። ያመጣው ውጤት ከመቶ 41 ነው። ለአባትዬው «የለም፣ ሰነፍ አይደለም» አልኩት። «ታዲያ ለምን ወደቀ?» ቢለኝ ግን መልሱ ረጅም ነበር፤ መስማት ያለበትም እሱ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ለእናንተ እጽፋለሁ።

ቁጥሩን ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ፤ እኔ ጎን ለጎን ላስቀምጠው ብቻ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን 896,520 ተማሪዎች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። በ2015 ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ። በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ በ2017 ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ። አራቱን ዓመት ደምሬዋለሁ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ጊዜ አንድ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተፈትኗል፤ ያለፈው 142,514 ጊዜ ነው። ደግመው የተፈተኑ ስላሉ ይህ የልጆች ብዛት አይደለም፤ የልጆቹ ቁጥር ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ከመቶ አምስት የማይሞላ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ፈተናው ሐቀኛ እንዲሆን መደረጉን እደግፋለሁ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አፈትልኮ ወጥቶ ፈተናው ሁሉ ሲሰረዝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ሌሊቱን ሁሉ ያጠና ልጅ እንዴት እንዳለቀሰ አልረሳውም። ከዚያም በኋላ ለዓመታት መልስ በስልክ ሲዞር አይተናል። ያ ዘመን እንዲመለስ የሚፈልግ መምህር ካለ እኔ አላውቀውም። የአላፊዎቹ ቁጥር ከ29 ሺህ ወደ 48 ሺህ ማደጉም የሚያስደስት ነው፤ ተፈታኙ ከ300 ሺህ በላይ መቀነሱን ሳንረሳ። ከቀሩት ውስጥ ስንቶቹ ጦርነት ትምህርት ቤታቸውን የዘጋባቸው የአማራ ክልል ልጆች እንደሆኑ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሐቀኛው ፈተና የለካው ምንድን ነው?

በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሶሲዮሎጂ በጥቂቱ ተምሬያለሁ። ያኔ ለፈተና ብቻ ያነበብኩት ነገር ዛሬ በየቀኑ ክፍሌ ውስጥ ፊት ለፊት ይገጥመኛል። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም ትምህርት ማለት አንድ ኅብረተሰብ ራሱን በልጆቹ ውስጥ የሚተክልበት መንገድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሰዎች እርስ በርስ የሚተሳሰሩበትን የጋራ ነገር ይሰጣል፤ እያንዳንዱንም ለሥራው ያዘጋጃል። ይህን ለማመን መጽሐፍ አላስፈለገኝም። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከማስተማር የደረሰ፣ ዩኔስኮም የሸለመው ነበር። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሞልቷት፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ በኩራዝ ብርሃን «ሀ ሁ» ስትል ያስተማራት የከተማ ልጅ ነበር። ስለዚያ ሥርዓት ብዙ ክፉ ነገር መናገር ይቻላል፤ ብዙ ቤተሰብ በደሙ ያውቀዋል። እናቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ የምስክር ወረቀቷን በሳጥን ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ አኑራ ነበር። ከዚያ ወረቀት ጋር ሥራ አልመጣላትም፤ ደመወዝም አልመጣላትም። የመጣላት «የዚህ አገር ሰው ነኝ» የሚል ስሜት ነበር። ዱርኬም የሚለው ይህንን ነው።

ከእሱ በኋላ አሜሪካዊው ታልኮት ፓርሰንስ መጣ። እሱ እንደሚለው፣ ልጅ ቤቱ እያለ የሚመዘነው በማንነቱ ነው፤ የእናቱ ልጅ ስለሆነ ብቻ ይወደዳል። ክፍል ሲገባ ግን በሥራው ይመዘናል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ሚዛን ይቀርብለታል። ስለዚህ የሚወድቀውም የሚያልፈውም ውጤቱን እንደ ፍትሕ ይቀበላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና የቆመበት እምነት ይህ ነው፤ የሚኒስቴሩ መግለጫዎችም የሚናገሩት በዚህ መንፈስ ነው። እምነቱ እውነት የሚሆነው ግን ልጆቹ ወደ ሚዛኑ ከመምጣታቸው በፊት የተሰጣቸው ነገር ከተቀራረበ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ትምህርት ምሳሌ ላንሳ። ከቋንቋ ትምህርቶች በቀር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። ቦታውን በእግራቸው ሄደው ያዩ ተማሪዎች አሉኝ። አንዷ፣ ባለፈው ዓመት 12ኛ ክፍል የነበረች፣ ስለ አንቀጽ 17 ከአያቷ የሰማችውን ስትናገር ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ አዳመጣት። የአማርኛው ቅጂ ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ይሰጣል፤ የጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ ያደርገዋል። ጣልያን በዚያች በአንዲት ቃል ኢትዮጵያን ጥገኛ ግዛቷ ልታደርግ እንደሞከረች፣ ነገሩም እስከ ዐድዋ እንዴት እንደደረሰ ያለ ወረቀት አስረዳችን። ከሳምንት በኋላ ስለዚሁ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የቀረበላትን የምርጫ ጥያቄ ሳተችው። ያልገባት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ስለ ትርጉም መዛባት የሚያስተምረውን ታሪክ ጠንቅቃ እያወቀች በቋንቋ ምክንያት ዜሮ አገኘች። የዚያን ቀን ወረቀቷን ሳርም እጄ ከብዶኝ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲዘምር ያደገ ልጅ ያችን ቃል አይስታትም። እሱ ያችን ቃል ያገኘው በትጋት አይደለም፤ ከቤቱና ወላጆቹ ከከፈሉበት ትምህርት ቤት ነው። ሌላው ፈረንሳዊ ፒየር ቡርዲዩ ይህንን የባህል ሀብት ይለዋል። ቤተሰብ ለልጁ የሚያወርሰው መሬትና ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋ፣ አነጋገር፣ መጽሐፍ መልመድ፣ ከባለሥልጣን ፊት አለመሸማቀቅ ጭምር ነው። ትምህርት ቤት እነዚህን ሳያስተምር ይጠይቃል፤ ያላቸውን «ጎበዝ»፣ የሌላቸውን «ደካማ» ይላል። ውርሱ ተሰጥኦ መስሎ ይወጣል። ቡርዲዩ ራሱ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ገጠር የተወለደ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ልጅ ነበር። የሚያወራው ከሩቅ ያየውን አልነበረም።

«እንግዲያው ጥፋቱ የድህነት ነው፤ ሚኒስቴር ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። ይህ መልስ የሚያጽናና ይመስላል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ደብዳቤዬ የተጻፈው ለዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1966 በጄምስ ኮልማን የተመራ ቡድን በአሜሪካ ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ አንድ አስደንጋጭ ነገር አገኘ። በልጆች ውጤት መካከል ያለውን ልዩነት ይበልጥ የሚያብራራው የትምህርት ቤቱ ወጪና ቁሳቁስ ሳይሆን የቤተሰቡ ሁኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ «ትምህርት ቤት ብዙ አይለውጥም» የሚል አነጋገር ተለመደ። እ.ኤ.አ. በ1983 ግን ስቴፈን ሄይንማንና ዊልያም ሎክስሊ የ29 ሀብታምና ደሃ አገሮችን መረጃ አነጻጽረው የተለየ ነገር አሳዩ። አገሩ ደሃ በሆነ መጠን የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት በውጤቱ ላይ ያለው ክብደት ይጨምራል። በኋላ የተነሱ አጥኚዎች ሁሉ አልተስማሙበትም፤ ክርክሩ ዛሬም አለ። የእኔን ክፍል የሚገልጸው ግን ይህ ነው። በአሜሪካ ሁሉም ትምህርት ቤት ቢያንስ መምህርና መጽሐፍ ስላለው ልዩነቱን የሚያመጣው ቤት ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን አንዱ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር አለው፤ ሌላው የለውም። አንዱ ለእያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ አለው፤ በሌላው ሃምሳ ልጅ አንድ ስልክ ላይ ያለ ፒዲኤፍ ከብቦ ያነባል። መምህር በሌለበት ክፍል «የቤተሰብ ሁኔታ» ብሎ ነገር የለም። የጎደለው መምህር ነው፤ መምህር የሚመድበው ደግሞ ቤተሰብ አይደለም።

ዱላውን ተደግፎ የቆመው አባት ልጅ 11ኛ ክፍል ሳለ ግማሽ ዓመት የፊዚክስ መምህር አልነበረውም። የነበረው ተዛውሮ ሄደ፤ ምትኩ የመጣው ከጥር በኋላ ነው። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራችን ግድግዳና ጣራ ያለው ክፍል ነው፤ ውስጡ ያለው የተሰበረ ወንበር ነው። በመጽሐፉ የታዘዙት ሙከራዎች ለልጆቻችን «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነውባቸዋል። ልጁ ኮምፒውተር የነካው በመጨረሻው ዓመት ለጥቂት ሰዓታት ነው። ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሄደች ሌላ ተማሪዬ ደግሞ ተመልሳ ስትነግረኝ፣ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ያየችው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እሱም በመስኮት። የፈተና ሳምንት ስለነበር ዝግ ነበር።

ይህን ሁሉ የምታውቁት ይመስለኛል። ኢንስፔክተሮቻችሁ በየጊዜው እየመጡ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድቡናል፤ ከአገሪቱ ትምህርት ቤቶች አብዛኛዎቹ ከደረጃ በታች መሆናቸውንም ራሳችሁ ተናግራችኋል። «ትምህርት ለትውልድ» ብላችሁ ሕዝቡን አስተባብራችሁ ክፍል እንዲታደስ አድርጋችኋል። በእኛም ወረዳ ገበሬው ድንጋይና አሸዋ አቅርቧል፤ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ለብሷል፤ ስለዚያ አመሰግናለሁ። ሆኖም የምታውቁትንና የምታውጁትን አንድ ላይ አታወጡትም። መረጃው በአንድ መዝገብ፣ ውጤቱ በሌላ መዝገብ ይቀመጣል። መስከረም ሲጠባ ለሕዝቡ የሚደርሰው ሁለተኛው ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ 1,328 ትምህርት ቤቶች እንዳሉ፣ ይህም ተማሪ ካስፈተኑት 43 በመቶ እንደሆነ ስትነግሩን አገር ደነገጠ። በማግሥቱ በየሻይ ቤቱ የተወራው «የዘንድሮ ልጆች አያጠኑም» የሚል ነበር። በ1,328 ትምህርት ቤቶች ውስጥ አንድ አጥኚ ልጅ እንኳ እንዳልተወለደ እንዲታመን ሆነ። ይህ ሊሆን አይችልም። በአራት ትምህርት ቤቶች አንድ ጎበዝ ልጅ ቢጠፋ የዕድል ነገር ነው ይባላል፤ በ1,328 ትምህርት ቤቶች ሲጠፋ ግን የሚመረመረው ልጁ ሳይሆን የተሰጠው ነገር ነው።

ለዚህም የታሪክ መምህር ነኝና አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የንጉሡ መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ጥናት አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ከዚያ በላይ ያለው እድገት ግን እንዲገታ ይመክራል። በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያታዊ ነበር፤ ገንዘብ የለም፣ ያልተማረው ሕዝብ ብዙ ነው። ወላጆችና መምህራን ግን ሌላ ነገር ተረዱት፦ የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም፣ የሀብታም ልጅ ሊቀጥል ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ካነሱት አድማ ጋር ተጋጠመ፤ መንግሥትም ጥናቱን ለማቆም ተገደደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እነዚያ ወላጆች ሶሲዮሎጂ አላነበቡም። ትምህርት ቤት አንድም መሰላል፣ አንድም አጥር ሊሆን እንደሚችል ግን በደንብ ገብቷቸው ነበር። ዛሬ አጥር እንሥራ የሚል ጥናት የለም። ያለው የ12ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ የሚደርሰውን ልጅ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚመልስ ፈተና ነው፤ አባትዬውም አድማ አይመታም፣ «ልጄ ሰነፍ ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ፓርሰንስ እንዳለው ውጤቱን እንደ ፍትሕ ተቀብሎታል።

ድሮ በአገራችን «የተማረ ይግደለኝ» ይባል ነበር። እናቴም ትለው ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼ ፊት ይህን ብናገር ዝም ብለው ያዩኛል። ከፊታቸው ያለው ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ዲግሪ ይዞ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም ያዩታል። ድሮ 12ኛ ክፍል ይበቃው የነበረ ሥራ ዲፕሎማ፣ ከዚያ ዲግሪ ይጠየቅበት ጀመር፤ ሥራው ግን ያው ነው። እንግሊዛዊው ሮናልድ ዶር ከብሪታንያ፣ ከጃፓን፣ ከስሪላንካና ከኬንያ ልምድ ተነስቶ ስለዚህ ጽፏል፦ ወደ ዘመናዊው መንገድ ዘግይቶ የገባ አገር የወረቀት ጥማቱ የበለጠ ይበረታል፤ ትምህርቱም ከመማር ይልቅ ወደ መፈተን ያዘነብላል። በእኛ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ልጅ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ሳይል ጥያቄ አይጠይቅም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ያንኑ እያሰብኩ አስተምራለሁ። ያላለፈው ደግሞ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ለመድረስ ይነሳል። ካስተማርኳቸው የሄዱትን ስም ልዘርዝር ብል ይህ ወረቀት አይበቃኝም። አንዳንዶቹ ደውለውልኛል፤ አንዳንዶቹ አልደወሉም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ መረጃውም በእጃችሁ አለ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ የየትምህርት ቤቱ ውጤት ሲወጣ፣ አጠገቡ ያ ትምህርት ቤት የተሰጠው ነገር አብሮ ይውጣ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉት አራት ዓመታት በየትኛው ትምህርት ስንት ወር መምህር አልነበረውም? አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ ደረሰ? ቤተ ሙከራ ይሠራል ወይስ ስም ብቻ ነው? ልጆቹ ኮምፒውተር ላይ ስንት ሰዓት ተቀምጠዋል? በግጭት ወይም በሌላ ምክንያት ስንት ቀን ተዘግቷል? የኢንስፔክሽን ደረጃው ስንት ነው? ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይሞላል፤ ርዕሰ መምህሩና ወላጅ ኮሚቴው ይፈርሙበት።

ይህ ሲሆን አንዳንድ ነገር ራሱ ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ። መምህር ወደየትኛው ትምህርት ቤት መመደብ እንዳለበት፣ መጽሐፉ መጀመሪያ ወዴት መጫን እንዳለበት ክርክር አያስፈልገውም። ምንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከወቀሳው በፊት ድልድሉን ያገኛሉ። ሁሉ ተሰጥቶት ያልሠራ ትምህርት ቤትም አብሮ ይታያል፤ እኔንም ጨምሮ። እንደዚያ ከሆነ ተጠያቂ ሁን ብባል አልሸሽም። ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገረውን ልጅ ለማገዝ 9ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ የተለየ የቋንቋ ጊዜ እንዲኖር መጠየቅም ሐሳቤ ነበር። አንድ ነገር ላይ እንድታተኩሩ ስለምፈልግ ግን ለሌላ ጊዜ ልተወው።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተም የልጃችሁ ውጤት ሲወጣ ትምህርት ቤቱን ይህንኑ ጠይቁ። «ልጄ ምን አመጣ?» ብላችሁ ስትጨርሱ «ልጄ ምን ተሰጠው?» በሉ። ጥያቄው የኛ የመምህራንም ጥያቄ ነው፤ አብረን እንጠይቅ።

የዚያ አባት ልጅ ዘንድሮ በግል ለመፈተን ተመዝግቧል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከሦስት ሌሎች ጋር ቤቴ እየመጣ እናነባለን። ፊዚክስ አልችልም፤ የማውቀውን እንግሊዝኛ ግን አስጠናቸዋለሁ። ውጤቱ ሲወጣ ከስሙ አጠገብ ካለው ቁጥር ጎን የተማረበት ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ለግማሽ ዓመት የፊዚክስ መምህር እንዳልነበረው ተጽፎ አባቱ እንዲያነበው እፈልጋለሁ። አባቱ ማንበብ አይችልም፤ ልጁ ያነብለታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር
ደቡብ ወሎ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.